በገዛ መኪናዬ ፍሬን መርገጥ ላስተማሩኝ ጋሼ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ፤ እሳቸውን ለማመስገን መጀመሪያ የራሴን ጉድ ማውጣት አለብኝና። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ፣ ይህቺን አሮጌ ቪትዝ ከገዛሁ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፍሬን እስከ መጨረሻው ረግጬ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን እንኳ።

ያወቅሁት አምና ሐምሌ ነው። ደጀን እናቴ ዘንድ ውዬ ስመለስ፣ ሉማሜን አልፌ፣ ካፊያ እየጣለ አንዲት አህያ ጭነቷን እንደያዘች ከመንገዱ ዳር ዘላ መሃል ገባች። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥሁት። ወዲያው እግሬ ሥር ትርርርር የሚል ነገር መጣ፤ ፔዳሉ እግሬን መልሶ እየገፋ ይንቀጠቀጣል። ፍሬኑ ተበጠሰ ብዬ እግሬን አነሳሁ! አህያዋን በምን ተአምር እንደሳትኋት ዛሬም አላውቅም። እኔ ቦዩን ዘልዬ አዲስ የታረሰ ማሳ ጫፍ ላይ ቆምሁ። ባለ አህያው እየሮጠ መጥቶ «እግዜር አተረፈሽ እታለም» አለኝና ሰው ጠርቶ መኪናዋን ገፍተው አወጡልኝ። ከስፖኪዮው መሰበር በቀር ጉዳት አልነበረም።

መካኒኬ ፈትሾ «ፍሬንሽ ደህና ነው» ሲለኝ ተጣላሁት ማለት ይቻላል። ተንቀጠቀጠ እኮ! ሳቀብኝ። ያ መንቀጥቀጥ ኤቢኤስ የሚባለው ነገር ነው፤ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ሥራውን በሚሠራበት ሰዓት እኔ እግሬን አነሳሁበት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁበት ማሰልጠኛ ይህን ቃል ያነሳብን አንድ ቀን የለም። እዚያ የተማርነው እንጨቱን ሳይነኩ ወደ ኋላ መግባትና የመንገድ ምልክት መሸምደድ ነበር። ጋሼን የጠቆመኝ ይኸው መካኒክ ነው።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ስሜን ስልክ ላይ ካየሁት እንዳልተዋወቅን ነው» ብለዋል፤ ስለዚህ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ዕድሜያቸውን የነዳጅ ቦቴ ይዘው አባይ በረሃን ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። መንጃ ፈቃድ የሌለውን አይቀበሉም፤ ጀማሪ ማስተማር የማሰልጠኛ ሥራ ነው ይላሉ። የሚያስተምሩት ፈቃድ ኖሮት መኪናውን የማያውቅ ሰው ነው፣ እንደ እኔ ያለውን። የሚያስተምሩትም በተማሪው መኪና ነው። ለምን ሲባሉ «በሰው መኪና የተማርሽው ቤትሽ ድረስ አይከተልሽም። የምትተርፊውም የምትጎጂውም በዚችው በራስሽ ናት» አሉኝ። አነጋገራቸው እንዲህ ነው፤ ቶሎ የምትከፉ ካላችሁ ከወዲሁ እወቁት።

የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተገናኘን። ቦታው ለግንባታ ተደልድሎ የቆመ ጠጠራማ ሜዳ ነው፤ ባለቤቱን አስፈቅደዋል፣ ልጆች እንዳይገቡም አንድ ዘበኛ አለ። እኔ ልነዳ ቸኩያለሁ። እሳቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ሞተር አላስነሱኝም። መጀመሪያ መኪናዋን ባዶ አስደረጉኝ። ከወንበሬ ሥር ጃንጥላ፣ ሁለት የውሃ ሃይላንድ፣ አንድ እግር የልጄ ጫማና የተማሪ ደብተር ወጣ። ሃይላንዱን አንስተው ፍሬኑ ሥር ሸጎጡትና «በይ ርገጪ» አሉኝ። አልረገጥ አለ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ከዚያ ወንበር። እኔ እንደ ሶፋ ወደ ኋላ ተኝቼ ነበር የምነዳው። ፍሬኑን እስከ ታች ረግጬ ጉልበቴ ትንሽ እጥፍ እስኪል ወንበሩን ወደፊት አስመጡኝ፤ ጀርባዬ ሳይነሳ የእጄ አንጓ መሪው አናት ላይ እስኪያርፍ መደገፊያውን አስቀኑኝ። ቁጭ ብዬ ሳየው አሮጊት መሰልሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወገቤን ያመኝ የነበረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወኝ።

ቀጥሎ ጎማ። ነፋሱን የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አስተያየን፤ የፊት ግራው በጣም ጎድሏል። ከዚያ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አስነበቡኝ፤ 3514 ይላል። ሻጩ «2014 ነው፣ አዲስ ነው» ብሎኝ ስለነበር በኩራት ነገርኋቸው። ጋሼ ዝም ብለው አዩኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዓመቱ ናቸው፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱ። ዓመቱ ግን በፈረንጅ ነው! በእኛ 2006 መጨረሻ ላይ የተሠራ ጎማ ነው አዲስ ብዬ ስዞርበት የከረምሁት። አንዲት አስተማሪ በዘመን አቆጣጠር ተሸወደች ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጎማ ገዛሁ፤ ሻጩ ፊት ተንበርክኬ ቁጥሩን ሳነብ ያየ ሰው ስግደት መስሎት ይሆናል።

ሁለተኛው እሑድ የፍሬን ነው። ሃይላንዶች አሸዋ ሞልተው በመስመር ደረደሩ። «በ20 ነይ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ በሙሉ ኃይልሽ ርገጪ።» ረገጥሁ። «ምነው፣ ከሥሩ እንቁላል አለ እንዴ?» አሉኝ። እንደገና። አምስተኛው ላይ ነው ትክክል የረገጥሁት። በእርምጃቸው ሲለኩት ከ20 ለመቆም 4 እርምጃ ፈጀብኝ። ከዚያ በ40 አስመጡኝ። እጥፍ ስለሆነ 8 ይሆናል ብዬ ነበር፤ 16 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ቢጽፉልኝ እጨበጭብና እረሳዋለሁ፤ ጋሼ ጠጠሩ ላይ ሲቆጥሩት ግን ስንተኛው እርምጃ ላይ አህያዋ እንደነበረች በዓይኔ ታየኝ። በ80 ስነዳ ደግሞ እግሬ ፍሬኑን ሳይነካ፣ ገና ስደነግጥ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ 22 ሜትር እሄዳለሁ።

ትርርርር የሚለው ያን ቀን ተመልሶ መጣ። ልቤ ዘለለ። ጋሼ ከጎኔ ሆነው «እንዳታነሺ! እንዳታነሺ! ርገጪው!» እያሉ ጮኹ። አላነሳሁም። መኪናዋ ቆመች። «ይኼ ነው እንግዲህ ማሳ ያስገባሽ» አሉና ከሃይላንዱ ውሃ ጠጡ። ቀጥሎ ፍሬኑን እንደረገጥሁ መሪውን ጠምዝዤ ጠርሙሶቹን እንዳልፍ አዘዙኝ። ጎማው ካልተቆለፈ መሪው ይሠራል፤ ተቆልፎ ከተንሸራተተ መሪውን ብታዞሪውም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እሳቸው እንዳሉት እንዲህ ባለ ልቅ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ መቆሚያውን ሊያረዝመው ይችላል፤ መሪውን ግን ይተውልሻል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሙከራዎች ጠርሙሱ ላይ ወጣሁበት፤ ጠርሙሱን ትክ ብዬ እያየሁ ነበርና። «እሱን ምን አየሽው? ዘመድሽ ነው? ክፍተቱን እይ» አሉኝ። ክፍተቱን ሳይ እጄ ራሱ ወሰደኝ። ይህን ማስረዳት አልችልም፣ ሄዳችሁ ሞክሩት።

ለሦስተኛው ቀን ደጀን ተቀጣጥረን አባይ በረሃ ወረድን። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ መንገዱም መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን እንደ ማዕበል አጣጥፎታል። ድሮ ይህን መንገድ ማርሽ «ዲ» ላይ አድርጌ፣ ፍሬን ላይ እግሬን ጥዬ ነበር የምወርደው። አንዳንዴም ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቼ በፎሌ። አዎ፣ በፎሌ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አማተቡ። ቤንዚንም አይቆጥብም አሉኝ፤ የአሁን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ የነዳጅ ፔዳሉን ስትለቂው ቁልቁለቱ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ቤንዚን መርጨቱንም ያቆማል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ለስንት ዓመት ገደል አፋፍ ላይ በኪሳራ ስነግድ ኖሬያለሁ!

ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዛት ገና ከቁልቁለቱ አናት ማርሹን «2» ላይ አስደረጉኝ፣ ጠባቡ ኩርባ ላይ «ኤል»። ሞተሩ ሲጮህ ደነገጥሁ። «ይጩህ፣ ሥራው ነው» አሉ። ፍሬን ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጎ መርገጥና ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው፤ እግር ላዩ ላይ ጥሎ መሄድ የለም። እንዲያ ከሆነ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ከፊታችን አንድ ሲኖትራክ ይወርድ ነበር፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ በመስኮት ገባ። ጋሼ መስኮቱን ዘጉና ራቅ በዪ አሉኝ፣ ራቅሁ። ሰፋ ያለ ቦታ አግኝተን ስንቆም ወርጄ እጄን ወደ ጎማዬ ቸርኬ አስጠጋሁ። ለብ ብሎ ነበር እንጂ አልጋለም። ዝንጀሮዎቹ ግንቡ ላይ ተደርድረው ያዩኛል፤ እኔ ቸርኬ እዳብሳለሁ፣ ጋሼ ይስቃሉ። ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ክፍያቸው ለሦስቱም ቀን ተደምሮ የአንድ ጎማ ዋጋ ግማሽ አይሞላም፤ ቤንዚኑ የራሳችሁ ነው። ሰዓት ያከብራሉ፣ ብታረፍዱ ጥለዋችሁ ይሄዳሉ። ስልካችሁን ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ ያስቀምጡታል። ባልና ሚስት አንድ ላይ አያስተምሩም፤ ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ሽማግሌነት አልተቀጠርሁም» አሉ።

ጋሼ፣ ይህን ሰው ያነብልዎታል። ባለፈው ሳምንት ከአማኑኤል ስመለስ ጥጃ ገባብኝ። ትርርርር አለ። አላነሳሁም። እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ስትሄዱ ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስድስቱን እኔ ጨፍልቄባቸዋለሁ።