ከደብረ ማርቆስ ገበያ የሚገዛ የሸክላ ምጣድ

ምጣዱ ጥሩ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በጣት አንኳኩት፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ በደንብ ተተኩሷል፣ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለው። ቤት ሲገባ በለዘብታ እሳት አሙቁት፣ በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግማችሁ አሹት፤ ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቃል። በጋለበት ቀዝቃዛ ውኃ ካረፈበት ይሰነጠቃል።

የሚያሳዝነው አንዳንዱ ሰው ምጣዱን የሚገዛበት መንገድ ነው። ምጣዱን እየወሰደ ሠሪዋን «ቡዳ» የሚል፣ ብሩን እጇ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ የሚጥል አለ። አፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር! ስድቡ ልጆቿን ከሙያው ያሸሻል። አፈር መምረጡ፣ ማቡካቱ፣ መተኮሱ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ እውቀት ነው፤ አንዴ ከተቋረጠ ምጣዱም ይቀራል። ስትገዙ «እናቴ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ብሩን እጇ ላይ አድርጉ፣ ምጣዱንም ጭድ ጎዝጉዛችሁ ጫኑት።