የየካ አባዶ የሸማቾች ሱቅ፦ ሰልፉ አጥሯል፤ ድርሻውስ?

በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ከሚገኙት የሸማቾች ሱቆች አንዱ ስኳርና የምግብ ዘይት የሚያከፋፍልበትን መንገድ ከቀየረ ወዲህ አገልግሎቱ በግልጽ ተሻሽሏል። ቀድሞ ጭነት ገባ በተባለ ቁጥር ወሬው ከስልክ ስልክ ይዞርና ጎህ ሳይቀድ ሰልፍ ይያዝ ነበር። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል የሚለው ደንብ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ በተግባር ግን የሚጠቅመው ጊዜ ያለውን፣ ወይም ሰልፍ የሚይዝለት ሰው ያለውን ነው። ታክሲ ተጋፍታ መርካቶ ሥራ የምትገባ እናት ስትመለስ ስኳሩ አልቆ ይጠብቃታል።

አሁን ቀኑ በብሎክ ተመድቧል፤ የተረኛው ብሎክ ድርሻም በዕለቱ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ለሌላ አይሸጥም። ሻጯ የቤተሰቡን የሸማች ደብተር ተቀብላ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራለች፣ በወሩ ትይዩ ትፈርማለች፣ አስቀድሞ ተመዝኖ የታሰረውን ስኳር ከዘይቱ ጀሪካን ጋር ታቀብላለች። የተጠራጠረ ሰው መልሶ ማስመዘን ይችላል፤ ይህን የሚናገረው ማስታወቂያ ግን በሩ ሲከፈት ከሚሸፈነው ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ የሚያነበው ጥቂት ነው።

ችግሩ ያለው ከፍጥነቱ ሳይሆን ከድርሻው አመዳደብ ነው። ክፍፍሉ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በደብተር ስለሆነ ብቻውን የሚኖር ወንደላጤና ስምንት ነፍስ የምታስተዳድር እማወራ እኩል ይወስዳሉ። በቤተሰብ ብዛት ማከፋፈል ሥራ ያንዛዛል የሚለው የሱቁ መልስ አያሳምንም፤ የቤተሰቡ ቁጥር እዚያው ደብተሩ ላይ ሰፍሯል።

ከዚህ የሚብሰው የተከራዮች ጉዳይ ነው። ተከራይ ከነበረበት ወረዳ መሸኛ አምጥቶ መታወቂያ እስኪያወጣ ድረስ ደብተር አያገኝም፤ ሌላ ሰፈር የሚኖረው አከራይ ግን በቤቱ ቁጥር ድርሻውን እየመጣ ይወስዳል። አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይወስድ መታወቂያ መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም፣ መሸኛው በሂደት ላይ መሆኑን የሚያሳይ ደብዳቤ ላመጣ ሰው ጊዜያዊ ካርድ መስጠት የሚከብድ አይመስለኝም። ሱቁ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነውና፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለእያንዳንዱ አባል፣ የዕጣው (የአክሲዮኑ) ብዛት ምንም ይሁን ምን፣ አንድ ድምፅ ስለሚሰጥ ጉዳዩን የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሊያየው ይችላል፤ እርግጥ በጉባኤው የሚቀመጡት በአብዛኛው ደብተር ያላቸው ናቸው።

ደብተር የሌላችሁ ተከራዮች በወሩ መጨረሻ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ያልተነሳው ድርሻ ያን ጊዜ ለማንም ይሸጣል፣ ዘይቱም ከስኳሩ ይልቅ የመትረፍ ዕድል አለው።