ከ65 ዓመት በፊት ጡረታ ለሚወጣ ሰው፦ የኦባማኬር (በሕግ የተቋቋመው የጤና ኢንሹራንስ) ገበያ ሲገመገም

አሜሪካ ውስጥ በ60 ወይም በ62 ዓመቱ ሥራ የሚያቆም ሰው፣ በትዳር ጓደኛው ሥራ በኩል ካልተሸፈነ በቀር፣ 65 ሞልቶት ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) እስኪገባ የጤና ኢንሹራንሱን ራሱ ይገዛል። ዋናው መገበያያ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲና ካሊፎርኒያ ግን የየራሳቸው አላቸው። የሚሸጠው ኢንሹራንስ ደህና ነው። ስኳርም ሆነ ደም ግፊት ቢኖርብዎ አይመልሱዎትም፣ ዋጋም አይጨምሩብዎትም። ዋጋውን የሚሰቅለው ዕድሜ ነው፤ ለ64 ዓመት ሰው ከ21 ዓመት ወጣት እስከ ሦስት እጥፍ ማስከፈል ይፈቀዳል።

ፕላኖቹን ማወዳደሪያው ገጽ ጥሩ ነው። ደካማው ቦታ የዓመት ገቢዎን የሚጠይቀው ነው፤ ሒሳቡ በሙሉ የሚንጠለጠለው ግን እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለወርሃዊው ክፍያ የተጨመረው የመንግሥት ድጎማ በ2025 መጨረሻ ስላበቃ፣ ድጎማ ለማግኘት የሚፈቀደው የቀድሞው የገቢ ጣሪያ ተመልሷል። ለ2026 ሽፋን ጣሪያው ለብቸኛ ሰው 62,600፣ ለባልና ሚስት 84,600 ዶላር ነው (አላስካና ሃዋይ ይለያሉ)። ልክ 84,600 ያላቸው ባልና ሚስት ድጎማው ለሚሰላበት የሲልቨር (መካከለኛ ደረጃ) ፕላን ከገቢያቸው 9.96 በመቶ፣ በወር 702 ዶላር ገደማ ይከፍላሉ። መቶ ዶላር ቢያልፉ የፌዴራሉ ድጎማ ቀስ እያለ አይቀንስም፤ ጭራሽ ይቀራል። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ በቅድሚያ የተከፈለልዎ ትርፍ ድጎማ በታክስ ጊዜ ሳይሸራረፍ ለመንግሥት ይመለሳል።

ስለዚህ ከየትኛው ኪስ እንደሚያወጡ አስቀድመው ይወስኑ። ከፎር ኦ ዋን ኬ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) እና ከተለመደው አይ አር ኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ) የሚወጣ ገንዘብ፣ የአክሲዮን ትርፍ፣ የቤት ኪራይ ትርፍ እንደ ገቢ ይቆጠራሉ። ሶሻል ሴኩሪቲም (የመንግሥት ጡረታ) ታክስ የማይከፈልበት ክፍሉ ሳይቀር ይቆጠራል፤ በ62 ዓመት የሚጀምሩት ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ባንክ ያለ ቁጠባና ደንቡን ጠብቆ ከሮት አይ አር ኤ (ታክሱ አስቀድሞ ከተከፈለበት የጡረታ ቁጠባ) የወጣ ገንዘብ አይቆጠርም። ታኅሣሥ ላይ ለጣሪያ ጥገና ወይም ለመኪና ከፎር ኦ ዋን ኬ መምዘዝ የዓመቱን ድጎማ ሊያሳጣ ይችላል።

ለ2026 ሽፋን ገቢያቸው ከ42,300 ዶላር በታች የሆነ ባልና ሚስት (ዲሲ ይለያል) ብሮንዝ የተባለው ዝቅተኛ ደረጃ ርካሽ መስሏቸው አይቸኩሉ። በዚህ ገቢ ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለውን) በብዙ የሚቀንሰው ተጨማሪ እርዳታ የሚገኘው በሲልቨር ብቻ ነው። ከ29,000 ዶላር ገደማ በታች ከሆነ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ወደ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ይመሩዎታል።

በጀት ሲይዙ ወርሃዊውን ክፍያ በ12 አባዝተው አይቁሙ። የከፋ ዓመት ቢመጣ ከኪስ የሚወጣው ከፍተኛ መጠን በ2026 ለአንድ ሰው እስከ 10,600፣ ለቤተሰብ እስከ 21,200 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ይህን በቁጠባ ያስቀምጡ። የጥርስ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው።

ኮብራስ? ይህ ሕግ ሥራ ካቆሙ በኋላ የአሠሪውን ኢንሹራንስ ለ18 ወር ያስቀጥላል፤ ግን አሠሪው ይከፍል የነበረውን ጨምሮ ከጠቅላላው ዋጋ እስከ 102 በመቶ ከእርስዎ ይወስዳል። የሚያዋጣው ለምሳሌ መስከረም ላይ ጡረታ ወጥተው ዲዳክቲብሉን ቀድመው ከጨረሱ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ቆይተው ከጥር ወደ ገበያው ይዛወራሉ፣ ምዝገባው ኖቬምበር 1 ይከፈታል። በዓመቱ መሃል በፈቃድዎ ካቋረጡት ግን ገበያው በሩን አይከፍትልዎትም። 65 ሞልቶዎት ኮብራን ተማምነው የሜዲኬር ፓርት ቢን (የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን ክፍል) ካዘገዩ፣ ለዘገየው ለእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት በወርሃዊው ክፍያ ላይ ይጨመራል፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነው።

ክረምቱን አዲስ አበባ ለማሳለፍ ለሚያስቡ፦ እነዚህ ፕላኖች በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍሉም፤ የጉዞ ኢንሹራንስ ለብቻው ይግዙ። ከመብረርዎ በፊት ወርሃዊው ክፍያ ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ ያድርጉ። ድጎማ ያለው ሰው ቢዘገይ የሦስት ወር ጊዜ ይሰጠዋል፤ ያ ካለፈ ሽፋኑ ይሰረዛል፣ ባለመክፈል የተሰረዘ ሰው ደግሞ እስከሚቀጥለው ምዝገባ መጠበቅ ግዴታው ነው።