ለስኳርና ግፊት ክትትል ክፍሏ ሲስተር፦ ምስጋናም ጥቆማም

ስለ ነርስ የሚጻፍ ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ "ፈገግታዋ ብቻ ያድናል" ዓይነት ነው። እኔ የምጽፍላት ሲስተር ግን ብዙም አትስቅም። ወረፋ ሲበዛ ፊቷ ይኮሳተራል። አርፍዶ የመጣ ሰው ደግሞ በደንብ ይነገረዋል። እኔ የማመሰግናት ሥራዋን ጠንቅቃ ስለምታውቅ ነው። ስኳርና ግፊት ያለበት ወላጅ የምታስታምሙ ብዙ ናችሁና እንደ ጥቆማም ያዙልኝ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሰባውን አልፏል። ስኳሩ የቆየ ነው። በኪኒን ተጀምሮ አሁን ኢንሱሊንም ይወጋል። ግፊት አለበት። ጉልበቱንም ያመዋል። ለዓመታት የሚከታተለው ትልቅ ሆስፒታል ነበር። ከዚያ "ቅርባችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ይቀጥል" ተባልንና ወረቀት ተሰጥቶን ተላክን። ቤተሰቡ ሁሉ ቅር አለው። አባዬማ "ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው" ብሎ አኩርፎ ሰነበተ።

ጤና ጣቢያው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። የክትትል ክፍሉን የያዘችው ይቺ ሲስተር ናት። በኋላ እንደሰማሁት በዲግሪ ዓመታት ከሠራች በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሳ በአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ ማስተርሷን ይዛለች። እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ምን እንደሚያስተምሩ ገብቶኛል።

መጀመሪያ ቀን ክብደት፣ ግፊት፣ ስኳር ለካች። እስከዚህ ድረስ ያው የተለመደው ነው። ግን ግፊቱን ከመለካቷ በፊት አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ አደረገችው። ቡና ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳረፈችለት። ለካች፣ ትንሽ ቆይታ ደገመችው። ስንወጣ ደግሞ "አባባ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ውስጥ ያለውን የሚዋጥ፣ የሚወጋ፣ የሚቀባ ሁሉ በፌስታል ይዘውልኝ ይምጡ። ከጎረቤት የተሰጠዎትም ቢሆን እንዳይቀር" አለችው።

ፌስታሉ ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረገፍ ብታዩ! ከመንግሥት የተሰጠው አምሎዲፒን አለ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ በሰው የላከው፣ በሌላ የንግድ ስም የታሸገ የግፊት መድኃኒትም አለ። ሲስተር ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበች። አንድ መድኃኒት ነው! አባዬ የአሜሪካው ይበልጥብኛል ብሎ፣ የሐኪሙንም ላለማስቀየም ብሎ ሁለቱንም ይውጥ ነበር። እግሩ የሚያብጠው ከዚህ ሊሆን እንደሚችል አስረዳችን። አምሎዲፒን መጠኑ ከፍ ሲል ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። እኛ ደግሞ ኩላሊቱ አበቃለት ብለን እማዬ ስታለቅስ ከርማለች።

ከታች ዳይክሎፌናክ ተገኘ። ለጉልበቱ ራሱ ከፋርማሲ የሚገዛት ናት። እዚህ ላይ ሲስተር ጠንከር አለች። ይህ ማስታገሻ ግፊት ከፍ ያደርጋል። እንደ አባዬ ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒትና የሚያሸና ኪኒን አብሮ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። የስኳር ታማሚ ኩላሊት ቀድሞውኑም ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ወዲያው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የኩላሊት ምርመራ እንዲታዘዝለት አደረገች። ለጉልበቱም ዳይክሎፌናኩ ቀርቶ ፓራሲታሞል ታዘዘለት። የኩላሊቱ ውጤት ደህና ነበር፣ ተመስገን።

ስለ ሳሉም ልንገራችሁ። አባዬ ወራት ሙሉ በደረቅ ሳል ሲሰቃይ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ሽሮፕ በሽሮፕ አድርጎታል፤ አንቲባዮቲክም ቀያይሮለታል። ሲስተር የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። "ሳሉ የጀመረዎት ኢናላፕሪሉን ከመጀመርዎ በፊት ነው፣ ከዚያ ወዲህ?" ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። እሷ ግን ወዲያው "መድኃኒቱ ነው" ብላ አልደመደመችም። ሳል ከቆየ መጀመሪያ ቲቢ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት ብላ አስመረመረችው። ነጻ ሲባል ሐኪሙ በሌላ የግፊት መድኃኒት፣ በሎሳርታን ቀየረለት። ሳሉም ቀስ በቀስ ለቀቀው።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የሆዱ ነገር ነው። የአባዬ ስኳር አንድ ቀን 300 ይገባል፣ በሌላው ቀን 60 ወርዶ በላብ ይጠመቃል። የሄድንበት ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "ምግብ አይጠነቀቁም"። ቤት ውስጥም በየማዕዱ ንትርክ ሆነ። ሲስተር የስኳር ደብተሩን ገልብጣ አየችና "አባባ፣ ሸሚዝዎን ከፍ ያድርጉልኝ" አለች። ሆዱን በጣቶቿ ዳሰሰች። ከእምብርቱ ግራና ቀኝ ሁለት እብጠቶች አሉ። ኢንሱሊን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲወጋ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይጠጥራል። ቦታው ስለሚደነዝዝ መርፌው አያምም። አባዬም ለዚህ ነው የወደደው። ነገር ግን እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን ወደ ደም የሚገባው እንደፈለገው ነው። አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "እንግዲህ ቦታ ቀይሩ" ብሎ ያሰናብታል። እሷ አላደረገችውም። ጤነኛ ቦታ ላይ ሲወጋ ያው መጠን ይበረታበታልና ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል አለች። ሐኪሙን አማክራ መጠኑ እንዲቀነስ አደረገች። በዚያው ሰሞን ቶሎ ቶሎ እንዲለካ፣ ሌሊትም እንዳይዘናጋ አስጠነቀቀችው። ሆዱንና ጭኑን በወረቀት ላይ ስላ በየሳምንቱ የሚወጋበትን ቦታ ከፋፈለችለት። ወረቀቱን እማዬ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች።

በነገራችን ላይ ስለ ፍሪጅም ተምረናል። ኢንሱሊን ከፍሪዘሩ ተጠግቶ አይቀመጥም። አንዴ በረዶ ከሠራ ቢሟሟም ይጣላል። ደመና የሚመስለው ኢንሱሊን በመዳፍ መሀል ቀስ ተደርጎ ይሽከረከራል እንጂ አይናጥም። መብራት ለሚጠፋበት ወይም ፍሪጅ ለሌለው ቤት ደግሞ የሸክላ ማሰሮ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጎ፣ ብልቃጡን ውሃ እንዳይነካው አሽጎ፣ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ማኖር ይረዳል። ይህን ለሌላ ታካሚ ስታስረዳ ሰምቼ ነው ለገጠር ዘመዶቼ የነገርኩት።

ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ለእማዬ ያስተማረቻትም ጠቅሞናል። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ በሌለበት ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት። 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት። ከተስተካከለ በኋላ ምግብ ማብላት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በቀጥታ ወደ ሕክምና መሮጥ። እማዬ ማንበብ አትችልም። ሲስተር "እስቲ አሁን እርስዎ ያስተምሩኝ" ብላ እሷው እንድትደግመው አደረገቻት። አንድ ቦታ ስትስት አረመቻትና እንደገና አስባለቻት።

የጾሙን ጉዳይ የያዘችበት መንገድም ተመችቶኛል። አባዬ ሁዳዴን፣ ረቡዕና ዓርብን አይለቅም። ሐኪም ሁሉ "አይጹሙ" ይለዋል፤ እሱ እሺ ይልና ቤቱ ገብቶ ይጾማል። ኢንሱሊኑን ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚውልበት ቀን ነበር። ሲስተር አትጹም አላለችውም። "ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት? ምን ምን ይበላሉ?" ብላ ጀመረች። ከዚያ ሥጋና ወተቱን ይተው፣ ሰዓቱን ግን አይጠብቁ አለችው። "የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ከፈለጉ እኔም አስረዳቸዋለሁ" ስትለው አባዬ ደስ አለው። የንስሐ አባቱም ተስማሙ። አሁን በጾም ሽሮውን በሰዓቱ ይበላል። ሙስሊም ታካሚዎቿን ደግሞ ረመዳን ሳይገባ ቀድማ ቀጠሮ ትይዝላቸዋለች። መድኃኒቱ በኢፍጣርና በሱሁር እንዴት እንደሚከፈል፣ የትኛው ሰው መጾም እንደሌለበት ከሐኪሙ ጋር ይወስናሉ።

አብሽና ሽፈራው እንደሚጠጣ ሲነግራትም አልሳቀችበትም። እነዚህም ስኳር ሊያወርዱ ስለሚችሉ ከኢንሱሊን ጋር ሲደረቡ ይንገሩኝ ብላ ካርዱ ላይ ጻፈችው። አባዬ ከዚያ ወዲህ ምንም አይደብቃትም። ለእኛ የማይነግረንን ለእሷ ይነግራታል!

እግሩን ደግሞ በየቀጠሮው ታየዋለች። ካልሲ ታስወልቃለች፣ በጣቶቹ መሀል ታያለች፣ ዓይኑን አስጨፍና ይሰማው እንደሆነ ለማወቅ ውስጥ እግሩን በቀጭን የናይለን ክር ትነካለች። አባዬ ብዙ ቦታ ላይ አልተሰማውም። ለካ ማታ ማታ እግሩን ከሰል ምድጃ ላይ ሲያሞቅ ቢቃጠልም አያውቀውም ነበር። ምድጃው ቀረ። ገላውን ሲታጠብ ውሃውን እማዬ በክርኗ ትለካለታለች። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ንጹሕ ወፍራም ካልሲ ያደርጋል፤ ሲወጣ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ገልብጦ ያራግፋል። አንድ ጊዜ ከአውራ ጣቱ ሥር ያላየነውን ቁስል አገኘችበት። በየጊዜው እያጸዳች፣ እንዳይረግጥበት እየተቆጣች፣ እየከፋ ከሄደ ሆስፒታል እልክዎታለሁ እያለች ተከታተለችው። ቁስሉ ደረቀ።

የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ምርመራ ከ10 በላይ ነበር፤ አሁን 8 ግድም ነው። እኔ ለምን 6 አይሆንም ብዬ ነበር። "ለእሳቸው ዕድሜ 6ን ማሳደድ ስኳራቸውን ከልክ በላይ አውርዶ ይጥላቸዋል። ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ማን ይጠቀማል?" አለችኝ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ማየት ማለት ይህ ይመስለኛል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ስነግረው "እኛ ጋ እኮ ነርስ ፕራክቲሽነር ነው የሚባሉት፤ ራሳቸው መድኃኒት ያዝዛሉ" አለኝ። እውነቱን ነው። ይህ ሙያ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ በ1965 እ.ኤ.አ. ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስ ከሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ጋር የጀመረችው ነው። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ የራሳቸውን ክሊኒክ ከፍተው ይሠራሉ። የእኛዋ ሲስተር ያገኘችውን ሁሉ ካርድ ላይ ጽፋ፣ ሐኪሙ እስኪመጣ ጠብቃ፣ አስረድታ ነው የምታስቀይረው። በእኔ እምነት እንዲህ ለተማረች ነርስ ከዚህ የሰፋ ሥልጣን ይገባት ነበር። ይህ የጤና ሚኒስቴር ጉዳይ ነው፤ እኔ ልለፈው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው እንዳትሉ። ወረፋው ረጅም ነው። መድኃኒት የሚጠፋበት ወር አለ፤ የጤና መድህን መታወቂያ ይዛችሁም ከውጭ ግዙ ትባላላችሁ። ያኔ መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲዎችን ሞክሩ፣ ዋጋቸው ይሻላል። ሲስተርም ለዚህ መፍትሔ የላትም። ኢንሱሊን ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ቀድማ ትነግራችኋለች።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። የጤና ጣቢያውን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እነግራችኋለሁ። ከሌላ አካባቢ የምትመጡ ግን መድህናችሁ የት እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሪፈር ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ካርድ ክፍል ድረሱ። የስኳር ደብተር ያዙ። መድኃኒቱን በሙሉ በፌስታል ያዙ፣ ከውጭ አገር የተላከውንም ጭምር። ታማሚው በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርግ። ቤት ውስጥ የሚያበስለው ሰውም አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።