ለአሜሪካ ፔል ኤል የትኛው ብቅል፣ የትኛው ሆፕ፣ የትኛው እርሾ? ለቤት ጠማቂዎች የቀረበ ንጽጽር

የአሜሪካ ፔል ኤል አጠማመቁ ቀላል፣ የግብዓት ምርጫው ግን ብዙ የሆነ ቢራ ነው። የቢራ ዳኞችን የሚፈትነውና በምህጻሩ ቢጄሲፒ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የዚህ ቢራ የአልኮል መጠን ከ4.5 እስከ 6.2 በመቶ፣ የመራራነቱ ልክ ከ30 እስከ 50 አይቢዩ፣ የመነሻ እፍጋቱ (እርሾ ከመግባቱ በፊት ፈሳሹ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) ደግሞ ከ1.045 እስከ 1.060 ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የመነሻ እፍጋቱ 1.050፣ መራራነቱም 40 አይቢዩ አካባቢ የሆነ 20 ሊትር ቢራ ለመጥመቅ ግብዓት የሚገዛን ሰው ታሳቢ ያደረገ ነው። ገንዘቡን ለሁሉም ግብዓት እኩል ማከፋፈል እንደማይገባ ግን ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚህ ቢራ ጠጪው በመጀመሪያ የሚያሸተውም ሆነ በመጨረሻ ምላሱ ላይ የሚቀርለት ሆፑ (ለቢራ መራራነትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) ስለሆነ፣ በብቅሉ ቆጥቦ በሆፑ አለመሰሰት ይሻላል።

ብቅል፦ እህል ወይስ ኤክስትራክት

የመጀመሪያው ውሳኔ ከብቅል እህል ይጠመቅ ወይስ ከተዘጋጀ የብቅል ኤክስትራክት (ከብቅል ከወጣ ስኳር ተከማችቶ ከተሠራ ምርት) የሚለው ነው። ለ20 ሊትሩ የሚያስፈልገው የኤክስትራክት ዱቄት 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ በወፍራም ሽሮፕ መልክ የሚሸጠው ኤክስትራክት ውሃ ስላለበት ወደ 3.3 ኪሎ ግራም ይፈልጋል። ከእህሉ የሚጠምቅና በብቅሉ ውስጥ ካለው ስኳር 70 በመቶውን ማውጣት የሚችል ሰው ደግሞ 4.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃዋል። ዱቄቱና ሽሮፑ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ በዋናነት የዕድሜ ነው፤ ሽሮፕ መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፣ ጣዕሙም ይደበዝዛል፣ ይህም እንደ ፔል ኤል ባለ ፈካ ያለ ቢራ ላይ ቶሎ ይታወቃል። የተመረተበት ቀን በግልጽ ካልተጻፈበት በቀር ሽሮፑን ትቶ ዱቄቱን መግዛት ይመረጣል።

የእህሉ ብልጫ በዋጋ ብቻ የሚለካ አይደለም። ብቅሉ በ65 ወይም በ66 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲዘፈዘፍ እርሾ በቀላሉ የሚፈጨው ስኳር በብዛት ስለሚወጣ ቢራው ጣፋጭነቱ ቀንሶ ጥርት ይላል፤ ሙቀቱ ወደ 69 ዲግሪ ከፍ ሲል ደግሞ አፍ ላይ ሞላ ያለ ቢራ ይገኛል። ኤክስትራክት ለሚገዛ ሰው ይህን ውሳኔ አምራቹ አስቀድሞ ወስኖለታል። በአንጻሩ እህል ትልቅ ድስት፣ ማጣሪያና ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ለጀማሪ ኤክስትራክት ከተወሰነ የክሪስታል ብቅል (ተቆልቶ የካራሜል ጣዕም ያገኘ ብቅል) ጋር በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክሪስታሉ በሙቅ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ውሃው ብቻ ከመፍላቱ በፊት ይጨመራል።

ስለ ክሪስታል ብቅል አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቀለሙን ጥቁረት የሚያሳየው ቁጥሩ 40 የሆነው ለስለስ ያለ የካራሜል ጣዕም ሲሰጥ፣ 80ና ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ዘቢብና ወደ ተቃጠለ ስኳር የሚያደላ ጣዕም ስለሚያመጣ የሆፑን ሽታ ይጫነዋል። ለዚህ ቢራ 40ው፣ እሱም ከ250 እስከ 300 ግራም ብቻ ተመራጭ ነው። አብዛኛውን ድርሻ በሚይዘው በመሠረት ብቅል በኩል ከባለ ሁለት ረድፍ ገብስ የሚዘጋጀው የአሜሪካ ብቅል ጣዕሙ ገለልተኛ ሲሆን፣ የእንግሊዙ ማሪስ ኦተር የዳቦና የለውዝ ጣዕም አለው። ማሪስ ኦተር ጥሩ ብቅል ነው፤ ነገር ግን ሆፕ በበዛበት ቢራ ውስጥ ለተጨማሪው ዋጋ የሚመጥን ልዩነት ያሳያል ለማለት ይከብዳል።

ሆፕ

የአሜሪካ ፔል ኤል ታሪክ ከካስኬድ ሆፕ ተነጥሎ አይታይም። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1972 ለአብቃዮች የተለቀቀ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ቺኮ ከተማ የሚገኘው የሴራ ኔቫዳ ጠመቃ ፋብሪካ ከ1980 ጀምሮ በዚሁ ሆፕ የጠመቀው ፔል ኤል የቢራውን መልክ ለብዙዎች ወስኗል። የካስኬድ ሽታ ወደ ግሬፕፍሩትና ወደ አበባ የሚያደላ ነው፤ መራራነት የሚሰጠው አልፋ አሲዱም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 በመቶ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የተለቀቀው ሴንቴኒያል ወደ ሎሚ የቀረበና ጠንከር ያለ ሲሆን አልፋ አሲዱ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ሲምኮ የጥድ ሙጫ ሽታ ከኮክ ጋር አጣምሮ ይዟል፤ አማሪሎ ብርቱካንን ያስታውሳል፤ ሲትራ ደግሞ ማንጎና ላይቺ የመሳሰሉ የሞቃት አገር ፍራፍሬዎችን በኃይል የሚያሸት፣ አልፋ አሲዱ ከ11 እስከ 14 በመቶ የሚደርስ ሆፕ ነው።

ገዢዎች በብዛት የሚሳቡት በሲትራ ነው፤ ምክንያቱም አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ሆኖም ሲትራ ብቻውን በብዛት ሲገባ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍነዋል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከካስኬድ ይበልጣል። ካስኬድና ሴንቴኒያል አብረው ሲገቡ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ የካስኬድ ለስላሳነት የሴንቴኒያልን ሹልነት ያበርደዋል። ለመጀመሪያው ጠመቃ ከእያንዳንዳቸው 100 ግራም መግዛት ይበቃል፦ መፍላቱ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረው ከእያንዳንዳቸው 30 ግራም፣ እሳቱ ከጠፋና ፈሳሹ ወደ 78 ዲግሪ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላ 30 ግራም ለ20 ደቂቃ፣ ቀሪው 40 ግራም ደግሞ የእርሾው ሥራ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ በማብላያው ዕቃ ውስጥ ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት ይገባል።

መራራነቱን ለመስጠት መጀመሪያ ላይ የሚገባው ሆፕ ግን ሽታው ለአንድ ሰዓት ሲፈላ ስለሚተን ውድ መሆን የለበትም። አልፋ አሲዱ 6 በመቶ ከሆነ ካስኬድ 20 አይቢዩ ለማግኘት 29 ግራም ያስፈልጋል፤ አልፋ አሲዱ 13 በመቶ ከሆነ ማግነም የተባለ ሆፕ ግን 13 ግራም ይበቃል። የ10 ደቂቃው ጭማሪ ሌላ 20 አይቢዩ ያህል ስለሚያክል ድምሩ ከታሰበው 40 ጋር ይገጥማል። ሲትራን ለመራራነት ማፍላት ሽቶ ገዝቶ ልብስ እንደማጠብ ነው።

ከዝርያው ይልቅ ትኩስነቱ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ባለፈው ዓመት የተለቀመና በቅዝቃዜ የተቀመጠ ካስኬድ፣ መስኮት አጠገብ ከቆየ ሲትራ እጅግ ይሻላል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የምርት ዓመትና የአልፋ አሲድ መጠን መጻፉን፣ ማሸጊያው ብርሃን የማያሳልፍና አየር የወጣለት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሲከፈት ቡናማ ሆኖ የተገኘ ወይም ያረጀ አይብ የሚሸት ሆፕ ለፔል ኤል አይሆንም። ስለ ቅርጹ ከሆነ፣ ተጨምቆ በፔሌት መልክ የተሠራው ከሙሉ አበባው የተሻለ ይቆያል፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ቢራ መጥጦ የማስቀረቱም መጠን ያነሰ ነው። ክራዮ የሚባለው የተከማቸ የሆፕ ዱቄት በግማሽ ያህል መጠን ተመሳሳይ ሽታ ይሰጣል፤ ይሁንና 20 ሊትር ለሚጠምቅ ሰው የሚያስገኘው ጥቅም ከዋጋው ጋር ሲታይ አነስተኛ ነው።

እርሾ

ሳፍኤል ዩኤስ-05 የተባለው እርሾ በደረቅ መልክ በ11.5 ግራም ከረጢት ይሸጣል፤ ለተጠቀሰው መጠን አንድ ከረጢት በቂ ነው። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሲብላላ የራሱን ጣዕም እምብዛም ስለማያሳይ ሆፑ እንዲጎላ ያደርጋል፣ ጉድለቱ ቶሎ አለመዝቀጡ ነው። ኤስ-04 የተባለው የእንግሊዝ እርሾ ፈጥኖ ይዘቅጣል፣ ቢራውም ቶሎ ይጠራል፤ በምላሹ ትንሽ የፍራፍሬ ጣዕም ያክላል። ለፔል ኤል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የጠራ ቢራ የሚፈልግ ሰው ጠርሙስ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ለሁለት ቀን በማቀዝቀዣ ሊያሳርፈው ይችላል። እንደ ዋይስት 1056 ያሉ ፈሳሽ እርሾዎች ከዩኤስ-05 ጋር ሲነጻጸሩ የሚሰጡት ውጤት እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ሳለ፣ ሕይወታቸው አጭርና ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው፤ ዕድሜያቸው ከገፋም አስቀድሞ በትንሽ የብቅል ጭማቂ ማባዛትን ይጠይቃሉ።

ውሃና ማሸጊያ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት የፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት እንክብል መግዛት ከማንኛውም የውሃ ማስተካከያ ጨው ይቀድማል፣ ምክንያቱም ክሎሪን ከብቅል ጋር ተዋህዶ የመድኃኒት ጣዕም ይፈጥራል። ጂፕሰም የሆፑን መራራነት ያሾለዋል፣ ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ የብቅሉን ልስላሴ ያጎላል፤ ነገር ግን የውሃውን የማዕድን ይዘት ሳያውቁ ሁለቱንም መጨመር ግምት ስለሚሆን ለጊዜው ቢተው ይሻላል።

ከጠርሙስና ከኬግ (ከብረት በርሜል) መካከል ለሚመርጥ ሰው፣ የሆፕ ሽታ ጠላቱ ኦክስጅን መሆኑን ማወቁ ይጠቅመዋል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩ የወጣለት ኬግ ሽታውን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፣ ግን ሲሊንደር፣ መቆጣጠሪያና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ጠርሙስ ርካሽ ነው፤ በሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ስኳር ተጨምሮበት በ20 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት ከተቀመጠ በኋላ ወደ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት፣ ሽታው ሳይደበዝዝም በሁለት ወር ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል።