የጆሮ መስሚያ «የሙከራ ጊዜ» ላይ ተጠንቀቁ፤ «ይለመዳል» እያሉ ቀኑን ያሳልፉባችኋል

እናት ወይም አባታችሁን ይዛችሁ የጆሮ መስሚያ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ። የምጽፈው እዚህ አሜሪካ ስላለው አሠራር ነው። አባቴ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። በተለይ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው አዛውንቶቻችን ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሸጫው «30 ቀን ይሞክሩት፣ ካልተስማማዎት ገንዘብዎ ይመለሳል» ይላል። አባባ ተመረመሩ፣ ለሁለቱ ጆሮ 4,800 ዶላር ተባለ፣ ተፈረመ። መስሚያው ግን የዚያኑ ቀን አልተሰጣቸውም፤ ታዞ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብን። መጥቶ ሲገባላቸው ሌላ ጣጣ ጀመረ። የሳህን ኮሽታ ያስደነግጣቸዋል። የገዛ ድምፃቸው ጋን ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ያህል ያስተጋባባቸዋል። ቀኝ ጆሯቸው ላይ ያለው ያፏጫል። በደወልን ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «አይዟችሁ፣ ይለመዳል፣ ጊዜ ስጡት።» ማስተካከያ ቀጠሮ ስንጠይቅ ደግሞ ክፍት ቦታ የለም ተባለ። የተሰጠን ቀን 30ው ቀን ካለፈ በኋላ የሚውል ነው። ውሉን አገላብጠን ስናየው ቀኑ የሚቆጠረው መስሚያውን ከተረከብንበት ሳይሆን ከፈረምንበት ዕለት ነው። ሳያልፍብን ሮጠን መለስን። እንዲያም ሆኖ «የማስገጠሚያ» ብለው ከገንዘቡ ላይ ጠቀም ያለ ቆርጠው አስቀሩ።

«ይለመዳል» የሚለው ቃል አደገኛ የሆነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። የመስማት ችሎታ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ፣ በዓመታት ውስጥ ነው የሚቀንሰው። ሰውየው የፍሪጅ ድምፅ፣ የራሱ እርምጃ፣ የወረቀት ኮሽታ ከሰማ ስንት ዘመኑ ነው። መስሚያው ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመልስለት አእምሮው የቱን ሰምቶ የቱን እንደሚተው ግራ ይገባዋል። ይህ በእርግጥ ይለመዳል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እንዲያውም አንዳንድ መስሚያዎች መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ዝቅ ተደርጎ፣ ራሳቸው ቀስ በቀስ ከፍ እንዲሉ ይሞላሉ (በኮምፒውተር ይስተካከላሉ ማለቴ ነው)። መስሚያውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ለበዓል ብቻ ማውጣት ግን ምንም አያስለምድም። በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ቤት ውስጥ ጀምሮ እየጨመሩ መሄድ ነው ያለው።

የማይለመደውስ? ሕመም አይለመድም። ጆሮ ውስጥ የምትገባዋ ለስላሳ ጎማ ልኳ ካልሆነ ትቆረቁራለች፣ ታቆስላለች፤ መፍትሔው በሌላ ቁጥር መቀየር ነው። ማፏጨትም አይለመድም። ጎማዋ ላልታ ድምፁ ወደ ውጭ ሲያመልጥና ማይክሮፎኑ መልሶ ሲይዘው ነው የሚያፏጨው፤ ጆሮ ውስጥ ኩክ ሲኖርም እንዲሁ። የበር መዘጋት ጆሮን የሚወጋ ከሆነ ለኃይለኛ ድምፅ የተሰጠው ጣሪያ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ በኮምፒውተር በደቂቃዎች ይስተካከላል። የጋኑ ድምፅም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጎማዋ ጆሮውን ጥርቅም አድርጋ ስትዘጋው ይመጣል፣ ቀዳዳ ባላት ጎማ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሳይሆን በቀጠሮ ነው የምታስተካክሉት። ሻጩ ሁሉንም «ይለመዳል» ካለ ጊዜ እየገዛ ነው።

ቤት ውስጥ ራሳችሁ ፈትሹ። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ አፋችሁን በወረቀት ከልላችሁ በተለመደው ድምፃችሁ አውሩ። ሰዎች ሳያውቁት ከንፈር ስለሚያነቡ ነው ከልሉ የምለው። ሰርግ አዳራሽና ቤተ ክርስቲያን ትክክለኛ መፈተኛ አይደሉም፤ ድምፅ ማጉያው ያስተጋባል፣ ጤነኛ ጆሮም ይቸገራል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሲያወራ ቃሉ የማይለይ ከሆነ ግን መስሚያው በትክክል አልተሞላም፣ አለዚያም ለዚያ ጆሮ አይሆንም።

አባባ በትንሽ ደብተር ይጽፉ ነበር። «ማክሰኞ፦ ቡና ላይ የልጄ ድምፅ ደህና፣ የሲኒው ኮሽታ ግን አመመኝ። ሐሙስ፦ የልጅ ልጄ ስታወራ ድምጿ ይሰማኛል፣ የምትለው አይገባኝም።» ኋላ ሌላ ቦታ የወሰድናቸው ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ምርመራ ባለሙያ) ይህን ደብተር አስተርጉማ ሰምታ፣ ከማሽኑ በፊት የት የት እንደምትነካ አወቀች። የሲኒው ኮሽታ ጣሪያው ነው። የልጅቷ ደግሞ ቀጭኖቹ ድምፆች ናቸው። ሰ፣ ሸ እና ፈ ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ስለሚቀመጡ በዕድሜ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። «አይሰማም» ብቻ ብላችሁ ከሄዳችሁ ባለሙያው ምን ያስተካክል? ጻፉ፣ ቀኑንም ጻፉበት።

እሷ ጋ ሌላም ነገር አየን። እንደ ፀጉር የቀጠነች ቱቦ ጆሯቸው ውስጥ አስገባች፣ ከዚያ መስሚያውን በላዩ ላይ አድርጋ ድምፅ ለቀቀች። ታምቡሩ አጠገብ በእውነት የሚደርሰው ድምፅ መስመር ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ከምርመራው ውጤት ጋር እያስተያየች ሞላችው። የመጀመሪያው ቦታ ይህ አልተደረገም። የምርመራውን ወረቀት አስገብተው፣ ፋብሪካው የገመተውን ቁጥር ጭነው ሰጡን። የሰው ጆሮ ደግሞ ስፋቱ ይለያያል፣ ግምቱ ይስታል። እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት «ጆሮ ውስጥ ቱቦ አስገብታችሁ ትለካላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ውጡ።

አሁን እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚነካውን ልንገራችሁ። ምርመራው ላይ የቃላት ፈተና አለ። በጆሮ የእንግሊዝኛ ቃል ይነገራል፣ ሰውየው መልሶ ይላል። ዕድሜያቸውን በአማርኛ ለኖሩ ሰው ይህ የጆሮ ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ፈተና ነው። ውጤቱ ዝቅ ይላል። የእኛ ሻጭ ያንን ውጤት እያሳየ ነው «ለእርስዎ የሚሆነው ውዱ ነው» ያላቸው። አልተቀበልኩትም፣ እናንተም አትቀበሉ። የድምፁን ፈተና፣ ማለትም ጢጥ የሚለውን ሰምቶ ቁልፍ የሚጫኑበትን፣ ለይታችሁ እዩ። የኦዲዮግራሙን፣ ማለትም የዚህ ፈተና ውጤት የሚሰፍርበትን ወረቀት፣ ኮፒ ይዛችሁ ውጡ። ከሜዲኬር (የመንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን) ወይም ከሜዲኬድ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት መድን) ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ከሆነ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ አማርኛ በሉና ጠይቁ። ልጅ ሁልጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ መግባት የለበትም።

ስለ ሜዲኬር ካነሳሁ፣ ዋናው ሜዲኬር የጆሮ መስሚያ አይከፍልም። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጡ አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ዕቅዶች ይከፍላሉ፣ ሜዲኬድ ደግሞ ለአዋቂ እንደየስቴቱ ይለያያል። ይህን ሳያጣሩ ሻጩ የሚያቀርበውን የሕክምና ክሬዲት ካርድ መፈረም ጥሩ አይደለም። «ለ12 ወር ያለ ወለድ» የሚሉት ብዙዎቹ፣ በጊዜው ተከፍሎ ካላለቀ ወለዱን ከግዢው ቀን ጀምረው ነው የሚያስቡት።

ሌላው ወጥመድ የተቆለፈ መስሚያ ነው። አንዳንድ የሰንሰለት ሱቆች የሚሸጡት መስሚያ ሶፍትዌሩ የተዘጋ ስለሆነ ከእነሱ ቅርንጫፍ ውጭ ማንም አይነካውም። ስቴት ብትቀይሩ፣ ቅርንጫፉ ቢዘጋ፣ ወይም ብትጣሉ መስሚያው የትም አይስተካከልም። የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከኦክቶበር 17፣ 2022 ጀምሮ ያለ ምርመራ ከፋርማሲና ከኦንላይን የሚገዛ መስሚያም ተፈቅዷል። ዕድሜው 18 ለሞላ፣ ችግሩ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰው ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ክፉ አይደለም። ግን የፌዴራሉ ሕግ ገንዘብ እንዲመልሱ አያስገድዳቸውም። የሚያስገድዳቸው የመመለሻ ደንባቸውን ካርቶኑ ላይ እንዲጽፉ ነው፤ አንብቡት። ንስር ያለበት «የኤፍዲኤ ምስክር ወረቀት» (ኤፍዲኤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው) የሚያሳያችሁ ካለ ደግሞ አትመኑት። ኤፍዲኤ ለተመዘገበ አምራች ምስክር ወረቀት አይሰጥም። በድንገት ጆሮ የጠፋበት፣ በአንድ ጎን ብቻ የቀነሰበት፣ ፈሳሽ ወይም ማዞር ያለው ሰው ግን ሱቅ ሳይሆን ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ውሉ ላይ እነዚህን ፈልጉ፦ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር፣ ለጥገና ሲገባ ቆጠራው ይቆም እንደሆነ፣ ሲመለስ ስንት እንደሚቆረጥ፣ የነጻ ማስተካከያው ስንት ጊዜ እንደሆነ። ብዙ ስቴቶች ቢያንስ 30 ቀን በሕግ ይሰጣሉ፣ ካሊፎርኒያ 45። የሻጩ ወረቀት ከሕጉ ያነሰ ከሰጣችሁ ሕጉን ይዛችሁ ተከራከሩ። የመጀመሪያውን የማስተካከያ ቀጠሮ መስሚያውን በምትረከቡበት ዕለት አስይዙ፣ ሁለተኛውንም ከማለቂያው ቀን በፊት። ስልኩ ላይ የተባለውን ሁሉ በኢሜይል ደግማችሁ ላኩላቸው።

ሆቴል ወይም ማኅበር አዳራሽ ውስጥ «የነጻ የጆሮ ምርመራ» ብለው ጠርተው የሚሸጡም አሉ። ቤት ድረስ መጥተው ወይም እንዲህ ባለ ጊዜያዊ ቦታ ሲሸጡ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣችኋል፤ ያለ ምክንያት ትሰርዛላችሁ። የመሰረዣውን ቅጽ ሻጩ ራሱ መስጠት አለበት። ውሉም ሽያጩ በተካሄደበት ቋንቋ መሆን አለበት። በአማርኛ አግባብቶ በእንግሊዝኛ ያስፈረመ ደንቡን ጥሷል።

አንመልስም ካሏችሁ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል እና ለመስሚያ ሻጮች ፈቃድ ለሚሰጠው ቦርድ አመልክቱ። ሁለቱም ማመልከቻ በነጻ ይቀበላሉ። ደብተሩን፣ ኢሜይሉንና የተረከባችሁበትን ደረሰኝ አያይዙ። እኛም የተቆረጠብንን ይዘን አመልክተናል።