ሃርድ ዲስኬን በኤስኤስዲ ከቀየርኩ 9 ወር ሆነኝ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ

ላፕቶፑ 10 ዓመት አልፎታል። ፕሮሰሰሩ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዲስኩ ደግሞ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞረው የተለመደው ባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ቤት ውስጥ ያለን ኮምፒውተር እሱ ብቻ ስለሆነ እኔም እህቴም እሱ ላይ ነው የምንሰራው፣ እና ላለፉት ሁለት ዓመታት ሁለታችንንም አስመርሮን ነበር። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ አየሁት፣ ከተበራበት ጀምሮ ብራውዘሩ ገጽ እስኪከፍት 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ዴስክቶፑ ቶሎ ይመጣል፣ ግን ከመጣም በኋላ ማውዙን ብቻ ነው ማንቀሳቀስ የሚቻለው፣ ሌላው ነገር ሁሉ ድርቅ ብሎ ይቆማል።

ወደ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከመሄዴ በፊት የማይሞከር ነገር አልነበረም። ፎርማት አደረኩት፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ተሻለው ከዛ ወደነበረበት ተመለሰ። ኮምፒውተር ያፀዳል የሚባሉ ፕሮግራሞችም ጭኜ ነበር፣ እነሱ ራሳቸው ከበስተጀርባ እየሰሩ ጭራሽ አባሱት፣ በኋላ አጠፋኋቸው። ትንሽ የጠቀመኝ ታስክ ማናጀር (እየሰሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) ገብቼ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ማጥፋት ነው፣ ይሄን ማንም ሰው በነፃ ዛሬውኑ ማድረግ ይችላል። ግን ዋናውን ነገር ያወቅኩት እዛው ታስክ ማናጀር ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ድርቅ ባለ ቁጥር ስከፍተው ፕሮሰሰሩ 10 ምናምን ፐርሰንት ላይ ነው፣ ዲስኩ ግን 100 ፐርሰንት ላይ ተሰክቷል። ማለትም ፕሮሰሰሩ ስራ አጥቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። እኔ ደግሞ ሁሌ ፕሮሰሰሩ ስላረጀ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ምክንያቱን ለማታውቁ፣ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና እላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል የማንበቢያ ክንድ አለች። አንድ ትንሽ ፋይል ለማንበብ ክንዷ ቦታው ድረስ መሄድ አለባት፣ ከዛ ሳህኑ ዞሮ እስኪመጣላት ትጠብቃለች፣ ይሄ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በየቦታው የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎች ሲሆኑ በሰከንድ 100 ጊዜ እንኳን አያነብም። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ እንደዚህ አይነት ንባብ በሺዎች ነው የሚጠይቀው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ያንኑ ንባብ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ይጨርሰዋል፣ በሰከንድም ሺዎችን ያነባል። ለዚህ ነው ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው በሰከንድ 500 ሜጋባይት ምናምን የሚለው ቁጥር ብዙ የማይገርመኝ፣ በቀን ተቀን አጠቃቀም ልዩነቱን የምታዩት በትንንሾቹ ፋይሎች ነው።

የገዛሁት 480 ጊጋ፣ 2.5 ኢንች፣ በሳታ፣ ማለትም በአሮጌው ሃርድ ዲስክ መሰኪያ፣ የሚሰካ ነው። የኔ ላፕቶፕ ለኤም ዶት ቱ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ለሚሰካው ቀጭን የኤስኤስዲ አይነት) ቦታ የለውም ስለዚህ ምርጫ አልነበረኝም፣ እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩት። ዊንዶውስ ላይ 447 ጊጋ ብሎ ሲያሳየኝ ደነገጥኩ ግን የተሰረቀ ነገር የለም፣ አምራቹ ጊጋውን በ1000 እያባዛ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው።

መግጠሙ ቀላል ነው፣ አንድ ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃል። ባትሪውን አወጣሁ፣ የስሩን ክዳን ፈታሁ፣ አሮጌውን ከነመያዣ ብረቱ ስቤ አዲሱን እዛው መያዣ ላይ አሰርኩት። ኤስኤስዲው 7 ሚሊ ሜትር ነው ውፍረቱ፣ አሮጌው 9.5 ነበር፣ ያቺን ክፍተት ንቄ አለፍኳት። በኋላ አምስተኛው ወር ላይ ዋጋ አስከፈለችኝ፣ ላፕቶፑን አንስቼ ሌላ ክፍል ስወስደው ቀጥ አለ፣ ሳስነሳው የሚነሳበት ዲስክ የለም አለኝ። እህቴ የመመረቂያ ጽሁፏ እሱ ላይ ነበር፣ ያን ምሽት ሁለታችንም እንቅልፍ አልወሰደንም። ጠዋት ስከፍተው ለካ ዲስኩ ላልቶ ከሳታው መሰኪያ በትንሹ ወጥቷል። አሁን ከላዩ ስስ የፕላስቲክ ማስደገፊያ አድርጌበታለሁ፣ ከዛ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። አንዳንድ ኤስኤስዲ ጋር ይቺ ማስደገፊያ አብራ ትመጣለች፣ ካገኛችኋት እንዳትጥሏት።

የደከምኩት ክሎን ላይ ነው። ፕሮግራሞቼን ድጋሚ እንዳልጭን ብዬ አሮጌውን እንዳለ ወደ አዲሱ ልገለብጥ ፈለኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰራ አድሮ መሀል ላይ የማይነበብ ቦታ አገኘና ተቋረጠ። ያኔ ነው ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ጭኜ የአሮጌውን ጤንነት ያየሁት፣ ማስጠንቀቂያ ላይ ነበር፣ የተበላሹ ሴክተሮች ነበሩት። ለካ ቀርፋፋ ብቻ አልነበረም፣ እየሞተም ነበር። ፋይሎቼን ወዲያው ወደ ውጪ ዲስክ አወጣሁና ዊንዶውስን በፍላሽ ከዜሮ ጫንኩ። አሁን ብትጠይቁኝ ከመጀመሪያውም ከዜሮ ጫኑ ነው የምለው፣ የብዙ ዓመት ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ አዲስ ቤት መግባት ምን ያደርጋል።

ውጤቱ፣ ከተበራበት ብራውዘር እስከሚከፈት 25 ሰከንድ አካባቢ። ከ9 ወር በኋላ ዛሬ ጠዋት ድጋሚ ለካሁት፣ 28 ሰከንድ። ድምፁ ጠፍቷል፣ ባትሪውም ትንሽ የሚቆይ ይመስለኛል ግን አልለካሁትም። እህቴ አሁን ከመቀመጧ በፊት ኮምፒውተሩን አብርታ መሄድ ትታለች፣ ለኔ ከሁሉም ቁጥር በላይ የሚያስደስተኝ እሱ ነው።

ያልፈታውንም ልናገር። ብራውዘር ላይ 15 ታብ ከፍታችሁ ዎርድ ስትጨምሩበት 4 ጊጋው ራም ይሞላል፣ ዊንዶውስም የተረፈውን ዲስኩ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ኤስኤስዲ ስለሆነ እንደድሮው ድርቅ አይልም ግን ይንገጫገጫል። አራተኛው ወር ላይ 4 ጊጋ ጨምሬ 8 ሳደርገው ያ ችግር ጠፋ። የራሙን አይነት ተጠንቀቁ፣ የኔ በ1.35 ቮልት የሚሰራው ዲዲአር 3 ኤል ነው፣ 1.5 ቮልቱን ብገዛ ኖሮ ላይሰራልኝ ይችል ነበር።

ሌላው ትልቅ ፋይል ስትገለብጡ ነው። መጀመሪያ በጣም ይፈጥናል፣ ብዙ ጊጋ ከሄደ በኋላ ግን ፍጥነቱ ቁልቁል ይወርዳል። ርካሽ ኤስኤስዲዎች ዲራም (ስራቸውን የምታፋጥን ረዳት ሚሞሪ) የላቸውም፣ ፈጣኗ ጊዜያዊ ማረፊያቸውም ትንሽ ናት፣ ስትሞላ ትክክለኛ አቅማቸው ይወጣል። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁ ዲራም ያለውን ግዙ። ለኛ አይነት አጠቃቀም ግን አልጎዳንም።

ኤስኤስዲ በተጻፈበት ቁጥር እያለቀ ይሄዳል የሚለው ስጋት እኔም ነበረብኝ። በ9 ወር ውስጥ የተጻፈበት 4 ቴራባይት አይሞላም፣ አምራቹ ዋስትና የሰጠው 160 ቴራባይት ድረስ ነው፣ ጤንነቱም 98 ፐርሰንት ይላል። ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን አንድ ቦታ መሰብሰብ) አታድርጉበት ብቻ፣ ጥቅም የለውም፣ ዊንዶውስ ራሱ ትሪም የሚባለውን፣ የጠፉ ፋይሎች ቦታ ነፃ መሆኑን ለዲስኩ የማሳወቅ ስራ፣ ይሰራለታል። በዚሁ ትሪም ምክንያት ግን የጠፋ ፋይልን መመለስ ከሃርድ ዲስክ በጣም ይከብዳል፣ ስለዚህ ባክአፕ ያዙ፣ እኔ ከዛች ምሽት በኋላ በየእሁዱ እይዛለሁ።

የቀረኝ የሲስተሙ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርን በይፋ አይቀበልም። 60 ጊጋ ቆርጬ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ምትክ የሚሰራ ነፃ ሲስተም) ጭኜበታለሁ፣ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣ እስካሁን ያስቸገረኝ ፕሪንተሩ ብቻ ነው።